ማገዶ ያቋቋመው፣ ማገዶ ያስቀረው መናገሻ፦ የአዲስ ዓለም ታሪክ ሲቃኝ

ዛሬ ወጣቶች በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው ከተማ ይገነባሉ። ምንም ነገር መጫን ሳያስፈልግ በብራውዘር ብቻ የሚከፈቱ ጨዋታዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተሠራው ትራቪያን ነው። ተጫዋቹ አንዲት መንደር ይሰጠውና አራት ነገር እያመጣጠነ እንዲያሳድጋት ይጠበቅበታል፤ እንጨት፣ ሸክላ፣ ብረትና እህል። ቤት ለመሥራት እንጨት ያስፈልጋል፤ ወታደር ባበዛ ቁጥር ደግሞ እህሉ ይመናመናል። ጎተራው ከተራቆተ ሠራዊቱ በረሃብ ያልቃል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲምሲቲም የተነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው ሠሪው ዊል ራይት፣ ጄይ ፎሬስተር የተባለ ምሁር የከተማን ዕድገትና ውድቀት በኮምፒውተር ለማስላት ካደረገው ጥናት ብዙ ነገር ወስዷል።

የኢትዮጵያ ነገሥታት ይህንኑ ሒሳብ በእውነተኛ ሰው፣ በእውነተኛ ከብትና በእውነተኛ ጫካ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል። ሒሳቡ ከሁሉም ቦታ ይልቅ ፊት ለፊት የሚታይበት ስፍራ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው አዲስ ዓለም ነው። መናገሻ ትሆናለች ተብላ ተቆረቆረች፤ መናገሻ ሳትሆን ቀረች። የተቆረቆረችውም የቀረችውም በማገዶ ምክንያት መሆኑ ታሪኳን ከሌሎች ከተሞቻችን ታሪክ ይለየዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ድንኳኑ ዘመን መመለስ ይገባል። ከላሊበላና ከይኩኖ አምላክ ዘመን በኋላ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ንጉሡ ያረፈበት ሜዳ ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው የአፄ ልብነ ድንግል ከተማ የድንኳን ከተማ ነው። ከተማው ሥርዓት ነበረው። የንጉሡ ድንኳን ከመሀል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን ከአጠገቡ፣ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው በቀኝና በግራ፣ ነጋዴውና ባለ እጁ ከዳር ይሰፍራል። ከተማው ሲነሣ ሁሉም ይህንኑ ቦታውን ይዞ ወደሚቀጥለው ሜዳ ይሄዳል። በሚቀጥለው መቶ ዓመት የመጣው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ ከተማው ቦታ የሚለውጥበትን ምክንያት ሲጽፍ የማገዶ እጥረትን ያነሣል። ብዙ ሺህ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ሲከርም ለምጣዱም ለወጡም ለጠላውም የሚነደው እንጨት በአካባቢው ያለውን ዛፍ ይጨርሰዋል። ዛፉ ሲያልቅ ንጉሡ ይነሣል። የተተወው መሬት ያገግማል፤ አዲሱ መሬት ደግሞ በተራው ይራቆታል።

አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ይህ ልማድ ለአንድ ዘመን ተገታ። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግንብ አይነቀልም። በዘመነ መሳፍንት ግን የጎንደር ሥልጣን ሲላላ መናገሻ እንደገና ከሰው ጋር መዞር ጀመረ፤ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርና መቅደላ፣ አፄ ዮሐንስ መቀሌና ደብረ ታቦር። ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የአባቶቻቸውን አንኮበርን ይዘው ልቼንና ወረኢሉን በየጊዜው ከተማ አድርገዋል። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየገፉ ሲመጡ መጀመሪያ ወጨጫ ላይ፣ ቀጥሎ እንጦጦ ላይ ሰፈሩ።

እንጦጦ ለጠላት የማይመች ኮረብታ ስለሆነ ለጦር ሰው ጥሩ ነበር። ለኗሪ ግን ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነው፤ ውኃ ከታች ተቀድቶ ይወጣል፤ ማገዶውም በየዓመቱ እየራቀ ሄደ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ ቤተ መንግሥቱ አስቀድሞ ወደ ሜዳው ወርዷል። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው ዳር ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚለውን ስም አውጥተው ነበርና። ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ የሚሉት ይህ ሜዳ ሰው አልባ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ከብታቸውን የሚያሰማሩበት፣ የሚያርሱበት፣ ምንጩን ለሰውም ለከብትም የሚጠቀሙበት አገር ነበር። ይህን አሁን መናገሬ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ምኒልክ የእህሉን ሒሳብ ከብዙዎቹ ቀዳሚዎቻቸው በተሻለ ተረድተውት ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ሕዝቡ በረሃብ ረገፈ። ሠራዊቱ ግን በየገበሬው ቤት ተመርቶ መብላቱን አላቆመም። በ1885 ዓ.ም. ገደማ አሥራት ተደነገገ፤ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ ያስገባል፣ ወታደሩም ከጎተራው ይሰፈርለታል፣ በገበሬው ቤት ገብቶ መብላት ይቀራል የሚል ነበር። በሁሉም ቦታ እንደታሰበው ባይሠራም ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ወታደሩንና ገበሬውን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ማሰብ ነውና።

ማገዶው ግን አዋጅ የሚያበዛው ነገር አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ በአንድ ጊዜ ሰፋች። የመኳንንቱ ሰፈሮች በጥንቱ የድንኳን ሥርዓት በየኮረብታው ተደረደሩ፤ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የራስ ተሰማ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር። የአውሮፓ መንግሥታት ሌጋሲዮን ከፈቱ። በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ሰው በየተራ እየገባ ይበላ ነበር።

ይህ ግብር ምን ያህል እሳት እንደሚፈልግ ለመረዳት አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ፊት መቆም ይበቃል። ምጣድ የፍም እሳት አይወድም። ሸክላው ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ቶሎ የሚንቦገቦግ ጭራሮና ቅጠል በሦስቱ ጉልቻ መሀል ያለማቋረጥ መማገድ አለበት። እሳቱ ከላላ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከበረታ ያርራል። ከእሳቱ አብዛኛው በጎንና በጎን ወጥቶ አየር ያሞቃል እንጂ ምጣዱ ላይ አያርፍም። ለአንድ ቤተሰብ የጥቂት ቀን እንጀራ ብዙ እንጨት ይሄዳል። ይህን በቤተ መንግሥቱ ጋጋሪዎች፣ በመኳንንቱ ማድ ቤቶች፣ በጠጅ ጣዮችና በጠላ ጠማቂዎች አብዝተን፣ በዚያ ላይ ለቤት የሚቆመውን ቋሚና ማገር ጨምረን ስናየው፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ጥድና ወይራ ለምን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንዳለቀ ግልጽ ይሆናል። እንጨት ከመናገሻ ተራራ በሰው ትከሻና በአጋሰስ ይመጣ ጀመር፤ ዋጋውም ናረ።

መናገሻ የሚባለው ተራራ፣ ማለትም የወጨጫ ተዳፋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም በሚወስደው መንገድ ግራ በኩል ይታያል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በቃል ይነገራል። አፈ ታሪኩን እንደ እውነት ባንቆጥረው እንኳ መነገሩ ደኑን መጠበቅ የነገሥታት ሥራ ተደርጎ ይታይ እንደነበር ያሳያል። ምኒልክም ደኑ እንዳይጨፈጨፍ አግደዋል። ዛሬ የመናገሻ ሱባ ደን ብለን የምንጠራው የዚያ ጥበቃ ትሩፋት ነው።

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ የአባቶቻቸውን መንገድ ያዙ፤ ማገዶ ሲያልቅ ከተማ ይነሣል። የተመረጠው ቦታ ኤጄሬ በሚባለው አካባቢ ነው። ደን ነበረው፤ ውኃ ነበረው፤ አካባቢው ለም ነው። ስሙን አዲስ ዓለም አሉት። በኮረብታው ላይ ለቤተ መንግሥት የሚሆን ግንባታ ተጀመረ፤ መኳንንቱም ቦታ ይዘው መሥራት ጀመሩ። ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ በጣሊያን መሐንዲሶች መሪነት መንገድ ተጠረገ፤ በየወንዙ ድልድይ ተሠራ። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ይህ ነው። መንገዱ የተሠራው አዲሱን መናገሻ ከአሮጌው ለማገናኘት ቢሆንም ኋላ የሰጠው አገልግሎት ሌላ ነበር፤ የአዲስ ዓለም አካባቢ እንጨት ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝበት ሆነ። እኔ እስከማየው ድረስ ከተማውን ካስቀሩት ነገሮች አንዱ ራሱ መንገዱ ነው። ከተማውን ወደ እንጨቱ ከመውሰድ እንጨቱን ወደ ከተማው ማምጣት ቀለለ።

ሌሎችም ጫናዎች ነበሩ። ሌጋሲዮኖቹ ከዓድዋ በኋላ በአዲስ አበባ ሰፊ ቦታ ተሰጥቷቸው ገንዘብ አፍስሰውበታል፤ እንደገና ከሜዳ መጀመሩን አልወደዱትም። በ1886 ዓ.ም. የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ውኃ አስገብቶ ነበር፤ ይህ አብሮ ተጠቅልሎ በበቅሎ አይጫንም። ድንኳን የነበረው ዋና ከተማ ድንጋይ፣ ብረትና የውጭ ሰው ውል እየተሸከመ ሲሄድ ክብደቱ ጨመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ቦታ በግል እንዲያዝና በደብተር እንዲመዘገብ ሲደነገግ፣ ከዚያም በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ከተማዋ ሥር ሰደደች።

ከሁሉም በላይ ግን ዛፍ መጣ። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው የምኒልክ አማካሪ ሞንዶን ቪዳይሌ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ስለሆነ ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ሆኖ ቀረ። ነጭ ባሕር ዛፍ ለደጋው፣ ቀይ ባሕር ዛፍ ለወይና ደጋውና ለቆላው ተስማማ። ጥድ ለማደግ የአንድ ሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አጠና ይሆናል። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው በሕይወቱ ደጋግሞ ይቆርጣል። ከብት አይበላውም፤ ያለ አጥር ያድጋል። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ምጣድ ሥር ሲማገድ ወዲያው ይንቦገቦጋል። ምኒልክ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ፤ ችግኝም በርካሽ ተከፋፈለ። መኳንንቱ በየግቢያቸው ተከሉት። ከተማዋ ከሩቅ ስትታይ ደን ሆነች፤ የውጭ ጎብኚዎችም በዛፏ ያውቋት ጀመር።

በዚህ ሁሉ ምክንያት አዲስ ዓለም መናገሻ መሆኗ ቀረ። ምኒልክ የተጀመረውን ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ወሰኑ። ለንጉሥ ማረፊያ የታሰበው ኮረብታ የማርያም ደብር ሆነ። ዛሬ ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ዳገቱን ቢወጣ በሥዕል የተሞላውን ቤተ ክርስቲያንና የነገሥታትን ስጦታዎች የያዘውን ሙዚየም ያገኛል። ቦታው ለምን እንደተመረጠ በዚያ ዳገት ላይ ሆኖ ዙሪያውን ሲያዩት ይገባል፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ጥቁር አፈሩ ወፍራም ነው፣ ጤፍ አብቃይ ነው።

ባሕር ዛፍ ከተማን አዳነ ብሎ መዝጋት ይቀናል። ብዙ ጽሑፎች እዚያ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን መዝለል አልችልም። በምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ባሕር ዛፉ ጉድጓዱንና ወንዙን እያደረቀ ነው በሚል ከዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታውጆ ነበር። አልተነቀለም፤ ሰው ሌላ ማገዶ አልነበረውምና። እንጨት ያበዛው ዛፍ ውኃ ያሳንሳል፤ እህል ይበቅልበት የነበረውን መሬት ይይዛል። በጨዋታ ላይ አንዱ ቁጥር ሲጨምር ሌላው ወዲያው ሲቀንስ ይታያል። በእውነተኛው ዓለም ግን ዛፉን የተከለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው የጉድጓዱ ዕዳ ለልጅ ልጁ የሚደርሰው።

ዕዳውን የተሸከመ ሌላም ወገን አለ። እንጦጦ ተራራ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው፣ ከራሳቸው ክብደት የማያንስ ሸክም ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ጉለሌ የሚወርዱት ሴቶች የአዲስ አበባን ምጣድ ለመቶ ዓመት ያህል አንድደዋል። ጎንበስ ብለው በሚወርዱበት ጊዜ ገመዱ ደረታቸውን ይቆርጣል፤ ወገባቸው ይጎብጣል። የከተማው ሚዛን በየትም መዝገብ ላይ ቢጻፍ የእነሱ ወገብ ከነሒሳቡ መጻፍ አለበት።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያለውን አገር ብንቃኝ ከተማዋ ምን ያህል ከዚህ መስመር እንደምትበላና እንደምትጠጣ ይገለጣል። አገሩ የውኃ መለያያ ነው። ወደ ሰሜን የሚወርደው ውኃ በሙገርና በጉደር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ወደ ደቡብ የሚወርደው አዋሽ ይሆናል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ፣ የጪሊሞ ደን ካለበት ደጋ ይነሣል። ጪሊሞ ጥድና ወይራ አሁንም የቆመበት፣ በአካባቢው ሕዝብ ተሳትፎ የሚጠበቅ ደን ነው። ይህ ውኃ ወርዶ ቆቃ ሲደርስ በ1952 ዓ.ም. በተጠናቀቀው ግድብ ኤሌክትሪክ ሆኖ አዲስ አበባን አብርቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ የተገነባው፣ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብም ያለው በዚሁ በምዕራቡ መንገድ ላይ ነው። ከተማዋ የእንጦጦ ምንጭ ሳይበቃት ሲቀር የውኃ ጥሟን ለማርካት ዞር ያለችው ወደ አዲስ ዓለም አቅጣጫ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ሆለታ ወይም ሆለታ ገነት ሌላ ድርሻ ነበራት። ምኒልክ ቤት ሠርተውባታል፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተባት። በኋላ የግብርና ምርምር ማዕከል ሆነች፤ የገብስ፣ የድንችና የወተት ላም ምርምር ከዚያ ተነሣ። አምቦ በፍል ውኃዋና በማዕድን ውኃዋ ትታወቃለች፤ ውኃው ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ ይታሸጋል። ሀገረ ሕይወት የሚል ስም ተሰጥቷት የነበረችው ከተማ ነች። በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከአምቦ ከተማ ጥቂት አለፍ ብሎ የጉደር ፏፏቴ አለ። በመስመሩ ያሉ ከተሞች በሙሉ ወደ ዋና ከተማዋ የሚልኩት ነገር አላቸው፤ ጤፍ፣ ወተት፣ አጠና፣ ከሰል፣ ውኃ።

እዚህ ላይ የጨዋታውና የአገሩ ነገር ይለያያል፤ ቀደም ሲል ስለ ፊንፊኔ ያልሁት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የከተማ ግንባታ ጨዋታ ካርታ ላይ ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ተጫዋቹ የሚይዘው መሬት ባለቤት የለውም። በሸዋ ግን እንዲህ ያለ ባዶ ሜዳ ኖሮ አያውቅም። ቤተ መንግሥት ሲተከል፣ ሌጋሲዮን ቦታ ሲሰጠው፣ ግድብ ሲሞላ፣ መንገድ ሲጠረግ፣ መሬቱ የሆነ ገበሬ እርሻ፣ የሆነ ጎሳ መቃብር፣ የሆነ ቤተሰብ ግጦሽ ነበር። ይህ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲወራ አምቦ ውስጥ ተማሪዎች ተነሡ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ከደንና ከኳስ ሜዳ መሬት ጋር የተያያዘ ቅሬታ ተቀሰቀሰ፤ እሳቱ ወደ መላው ኦሮሚያ ተዛመተ። የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ እንዲቀር ተወሰነ። ከተማዋ የምታድግበት መሬት የማን ነው፣ ባለቤቱስ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ በምኒልክ ዘመን ሳይጠየቅ የታለፈ ነበር። በጊንጪና በአምቦ ጎዳና ላይ በድምፅ ተጠየቀ። ይህን ጥያቄ ከከተማ ፕላን ሒሳብ ውጭ አድርጎ የሚያስብ ባለሙያ ሥራውን ጨርሷል ለማለት እቸገራለሁ።

ዛሬ በኤጄሬና በሆለታ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ሌላ ሒሳብ ይዟል። ጤፍ ቢዘራ ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት አለ፤ ማዳበሪያው በየዓመቱ ይወደዳል፤ ዝናብ ቢዘገይ ወይም በረዶ ቢጥል ዓመቱ ባዶ ነው። ባሕር ዛፍ ቢተክል መጀመሪያ ትዕግሥት ይጠይቀዋል እንጂ ከዚያ በኋላ ራሱ ያድጋል። አጠናውን የአዲስ አበባ ሕንፃ ተቋራጭ ለመወጣጫና ለድጋፍ ይገዛዋል፤ ገዥው በመኪናው ማሳው ድረስ ይመጣል፤ ጥሬ ብር ቆጥሮ ይሰጠዋል። ልጅ ለማስተማርና ለሠርግ የሚሆን ገንዘብ ከአንድ ማሳ ይወጣል። ጎረቤቱ ግን ያጉረመርማል፤ ዛፉ ድንበር ላይ ከቆመ ጥላውና ሥሩ የጎረቤትን ጤፍ ያቀጭጨዋል፣ ምንጩንም ይጠጣዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ዛፉን ገደል አፋፍና ተዳፋት ላይ ብቻ ይተክላል፤ አንዳንዱ ሙሉ ማሳውን ይሰጠዋል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ ከቆረጠ በኋላ ጉቶውን ነቅሎ ወደ ጤፍ ለመመለስ ይሞክራል። ጉቶ መንቀሉ ደግሞ ከመትከሉ እጅግ የከበደ ሥራ ነው። በመቆፈሪያና በመጥረቢያ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያም በኋላ አፈሩ የቀድሞ ጤፉን ለመስጠት ጥቂት ክረምት ይፈልጋል።